ለቂርቆስ የተሰጠ ቀብድ

ዳናይት ሀዋሳ ለማስተርስ መግባቷን ከእናቷ በፊት የነገረችው ለእኔ ነው። ለመኩራት ብዬ አይደለም ይህን የማወራው። ግቢያችን እንደ ሌሎቹ የካዛንቺስ የቀበሌ ግቢዎች ጠባብ ነው፤ ከበሩ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የእኔን መስኮት ነው። ከመስኮቱ ሥር የልብስ ስፌት መኪናዬ አለ፣ ከመኪናው ኋላ ደግሞ እኔ አለሁ። ጀማነሽ ዘንድ ወሬ ቀረጥ ሳይከፍል አያልፍም ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

የዚያን ቀን የመስኮቱን ብረት ይዛ አንዴ በቀኝ እግሯ አንዴ በግራ እግሯ ትቆማለች። ደስታ ይሁን ጭንቀት አልለይ አለኝ። ምን ልትማሪ ነው ብላት ስለ ዓሣ እርባታ አለችኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። የካዛንቺስ ልጅ እኮ ናት! ዓሣ ያየችው ተጠብሶ ሳህን ላይ ነው፤ ያውም እናቷና ጎረቤታችን አቶ ወልደአረጋይ በጾም ይበላል አይበላም እያሉ ሲከራከሩበት ቀዝቅዞ።

«ይሳቁ፣ ይሳቁ እትዬ ጀማነሽ» አለችኝ። «እማ ግን የምትስቅ ይመስልዎታል?»

እናቷ ፀሃዬ ናት። ቡልጋሪያ ታክሲ ተራው አጠገብ ትንሽ የባልትና ሱቅ አላት። ባሏ ካሳይ ያረፈው ዳናይት ገና ሃይስኩል ሳለች ነው፤ ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሁለቱ ብቻ፣ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» እያለች፣ ከእኔ ቤት በግድግዳ ተለይተው ይኖራሉ። ዳናይት ዲግሪዋን እዚሁ ጨርሳ፣ ሥራም እዚሁ ይዛ፣ ከቤት ርቃ ያደረችበት ቀን ቢኖር የጓደኛ ሠርግ ነው።

ፀሃዬ ወሬውን ስትሰማ እልል አለች። አንዴ ብቻ። ከዚያ ዕቃ ማዟዟር ጀመረች። አልጋውን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው፣ ቁም ሣጥኑን ወደ በሩ፣ ከበሩ ደግሞ መልሳ ወደ ጓዳ። የቁም ሣጥኑ እግር ሲሚንቶውን ሲፍቀው እኔ ቤት ጥርሴን ያመኛል። ልጅቷም ከእናቷ አልተሻለች። ከስታዲየም በረንዳ አንድ ትልቅ ሻንጣ ገዝታ መጣች፤ ጠዋት ትሞላዋለች፣ ከሥራ ስትመለስ ታራግፈዋለች። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት የሚቁነጠነጡ ሰዎች ካሉ ጎረቤትም አይቀመጥም። እኔ ራሴ ያን ሰሞን አንድ ሱሪ ሁለት ጊዜ አሳጥሬ የሰው ቁርጭምጭሚት አስወጥቻለሁ።

ግቢው በሙሉ መካሪ ሆነ። አቶ ወልደአረጋይ በሥራ ዘመናቸው አንድ ጊዜ ለስብሰባ ሀዋሳ ሄደው ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ የደቡብ ሊቅ ናቸው። የወባዋ ትንኝ በሬ ትጥላለች አሉና ልጃቸው ሲያገባ ተገዝቶ ሳይዘረጋ የኖረ አጎበር አምጥተው ሰጧት። እኔ ጋቢ ሰጠኋት። አገሩ ሙቀት ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ ግን ጋቢ ሳይዝ አገር የሚለቅ ሰው የት አለ?

አንድ ጠዋት ፀሃዬ ሱቋን ሳትከፍት ወደ እኔ መጣች። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች። ስትፈታው ጥቁር ሰማያዊ ከፋይ ነው፣ ወርቃማ ዘርፍ ነው፣ የጥላ ሽቦም አለ። ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ጥላ እንድሰፋላት ነው። ለቂርቆስ፣ ለወሩ አሥራ አምስት እንዲደርስ። በጠርዙ ላይ የዳናይትን የክርስትና ስም፣ አመተ ማርያምን፣ በወርቃማ ክር እንድጠልፍበት ትፈልጋለች።

ስለት መሆኑ ገባኝ። ልጄ ትለፍልኝ ብላ ተስላ፣ ልጅቷ አልፋላት፣ አሁን ልታስገባ ነው ብዬ እንኳን ደረሰልሽ አልኳት። ፀሃዬ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ከፋዩን በመዳፏ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ትደባብሰዋለች።

«ገና አልደረሰልኝም» አለች።

«ታዲያ ስለት የሚገባው ሲደርስ አይደል እንዴ?»

«ቀኑ ደረሰብኝ። አስቀድሜ ብሰጠው ይቸኩልልኝ ይሆናል ብዬ ነው።»

ይኸው ነው እንግዲህ። በዕድሜዬ ስለት ያስቀረ አይቻለሁ፣ ያዘገየ አይቻለሁ፤ አስቀድሞ የከፈለ ግን አይቼ አላውቅም። ለሰማዕቱ ቀብድ ልትሰጪ ነው ወይ ብዬ ቀለድኩባት። አልሳቀችም። ምንድን ነው የተሳልሽው ብላት ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እንዳትሄድ ነው አለችኝ። የመግቢያው ፈተና ውጤት ሳይወጣ ጀምሮ፣ ቂርቆስ ልጄን አስቀርልኝ፣ እንዴት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፣ ብቻ አስቀርልኝ ብላ ተስላለች።

ለልጅሽ ለምን በአፍሽ አትነግሪያትም አልኳት። እንዴት ብዬ አለች። በየሱቁ፣ በየለቅሶው ልጄ ልጄ ስትል የኖረች እናት አሁን አትማሪ እንዴት ትበል? እሷ ሳትናገር ነገሩ በራሱ ቢቀርላት ነው የፈለገችው።

«ደግሞ ለሁለት ዓመት ነው እኮ» አልኳት ላጽናናት ብዬ።

«ሁለት ዓመት የሚሉትን ነገር አውቀዋለሁ ጀማነሽ» አለችኝ። «እኔም ከአዲግራት ለሁለት ዓመት ብዬ ነው የመጣሁት።»

ይህን ታሪኳን ከዚያ በፊት በቁርጥራጭ ሰምቼዋለሁ። አጎቷ ቤት ተቀምጣ ታይፕ ተምራ ልትመለስ ነበር። ካሳይን አገኘች። ዳናይት ተወለደች። መንገዱ በጦርነት የተዘጋበት ጊዜ መጣ። እናቷ ማረፏን የሰማችው ተዝካሯ ከወጣ በኋላ ነው። እናቷ በር በሩን እያየች ነበር የሞተችው ብለው ነግረዋታል፤ እሱን ያሏት ሰዎች ባይሏት ምን ነበረበት እላለሁ እኔ።

ከዚያ በኋላ መቀለድ አልነበረብኝም፣ ግን አመል ነው። ቂርቆስ እኮ ሕጻን ነው፣ በፈላው ጋን ፊት እናቱ ስትፈራ አይዞሽ ያላት እሱ ነው፣ በእናትና በልጅ ነገር ካስገባሽው ለልጅ የሚያደላ ይመስለኛል አልኳት። ጥላውን ስፊ ብላኝ ወጣች።

ሰፋሁት። ምን ላድርግ? ግን ስፌቱ እምቢ አለኝ። ከፋይ በባሕርዩ ከእጅ ይሾልካል፤ እኔም ሐሳቤ ይሾልካል። በአንድ በኩል ልጅቷ በግቢው ውስጥ ከውኃው ቧንቧ እስከ በሩ ትመላለሳለች፣ በሌላ በኩል እኔ ስሟን በወርቃማ ክር እየጠለፍኩ መንገዷን እዘጋለሁ።

አሥራ አምስት ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አንድ ከሰዓት ዳናይት መስኮቴ ላይ መጣች። እንደ ልማዷ አትቁነጠነጥም። እሱ ነው ያስፈራኝ።

«ልተወው ነው እትዬ» አለችኝ። «ለዲፓርትመንቱ ነገ እደውላለሁ።»

እናቷ እንቅልፍ አጥታለች፤ ቀሚሷ ሁሉ ሰፍቷታል። ሂጂ ትላለች፣ ግን ሂጂ ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው። እሷን እንዲህ አድርጌ ዓሣ ብቆጥር ምን ይረባኛል አለችኝ። እኔ ደነገጥኩ። ቂርቆስ ቀብዱን ሳይቀበል ሥራ ጀመረ እንዴ? ለፀሃዬ ደስ ይበለኝ ወይስ ለልጅቷ ልዘንላት?

ይህን ጊዜ እጇ በመስኮቱ ገብቶ መኪናው ላይ ያለውን ከፋይ ነካ። ገለጥ አደረገችው። ስሟን አየች።

«አመተ ማርያም እኔ አይደለሁ? ማን ነው ያሰፋው?»

«እናትሽ» አልኳት።

«ስለት ነው?»

«ስለት ነው።»

አልዋሸሁም። የቀረውን ልበል አልበል እያልኩ ሳለሁ ልጅቷ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ከመስኮቱ ሄዳለች። ፀሃዬ ግቢው መሐል በርበሬ ትለቅም ነበር። ዳናይት ከበርበሬው ጋር አቀፈቻት።

«እማ፣ ጥላውን አየሁት። እኔ እኮ እንድሄድ የማትፈልጊ መስሎኝ ልቀር ነበር። ስለት እስክትሳዪ የፈለግሽው መሆኑን መች አወቅኩ? እሄዳለሁ፣ በቃ እሄዳለሁ።»

ፀሃዬ በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግራ አየችኝ። እኔም አየኋት። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ዝም ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

«እሺ ጓለይ» አለች ፀሃዬ። ልጄ ስትል እንዲህ ነው፤ ልቧ ሲነካ አዲግራት ይመጣባታል።

ወዲያው እኔ ጋ መጣችና አንድ ቃል ብነግራት ትቀራለች አለችኝ። አዎ፣ ትቀራለች አልኳት። ጥላውን ልተወው ወይስ ልጨርሰው ብዬ ጠየቅኳት። ወጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች። ሦስተኛ ስትመለስ ጨርሺው አለችኝ። የዚያን ቀን ቁም ሣጥኑ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

በአሥራ አምስት ሦስታችን ወደ ቂርቆስ ወረድን። ጥላውን ዳናይት ተሸክማዋለች፤ ለማንም አልሰጥም ብላ። ከቅዳሴ በኋላ ስለት የሚያስገቡ ሰዎች ተሰለፉ። አንዱ ምንጣፍ፣ አንዷ መጋረጃ፣ አንዷ ጧፍ ይዛለች። ቄሱ እያንዳንዱን ስለቱ ምን እንደሆነ ይጠይቁና በማይኩ ያሰማሉ፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ይህን ሥርዓት ፀሃዬም እኔም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ግን ሁለታችንም ያሰብነው ሰልፉ ላይ ከቆምን በኋላ ነው። ፀሃዬ የነጠላዋን ጫፍ ስትጠመዝዝ ስትፈታ አየኋት። ለልጅ ዝም ማለት ይቻላል። ሰማዕቱን ፊት ለፊት፣ በማይክ፣ እንዴት አድርጋ ትዋሸዋለች?

ተራችን ደረሰ። ዳናይት ጥላውን ዘረጋችው፤ ሳላጋንን ያምር ነበር።

ቄሱ ማይኩን እንደያዙ ጎንበስ ብለው «ስለቱ ምንድን ነው እናቴ?» አሉ።

ፀሃዬ ቀና ብላ ጥላውን አየች። ደግመው ጠየቋት። ከኋላችን ያለችው ባለመጋረጃ ማጉረምረም ጀመረች። ዳናይት እናቷን ታያለች። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

«ልጄ ለትምህርት ሀዋሳ ትሄዳለች» አለች ፀሃዬ በመጨረሻ። «ተምራ እንድትመለስ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመለሰች እንግዲህ?»

«ኧረ ገና አልሄደችም አባ። ቀብድ ነው።»

ማይኩ ክፍት ነበር። ቀብድ የምትለዋ ቃል በግቢው ሁሉ፣ ከግቢውም አልፋ ለማኞቹ እስከተቀመጡበት አጥር ድረስ ተሰማች። መጀመሪያ ሳቅ ሆነ፣ ቄሱም ራሳቸው ጢማቸውን ያዙ፣ ከዚያ እልልታው ለሌሎቹ ስለቶች ከተባለው ሁሉ በለጠ።

ዳናይት ግን አልሳቀችም። ስንመለስ ስታዲየም አጠገብ ስትደርስ ቆመች።

«ገና ያልደረሰ ስለት ነው እንዴ? መጀመሪያ ምን ብለሽ ነበር የተሳልሽው እማ?»

ፀሃዬ ወደ እኔ አየች። እኔ ጫማ የዘረጋ ነጋዴ አገኘሁና ስለ ዋጋው መጠየቅ ጀመርኩ፤ ጆሮዬ ግን እነሱ ጋ ነው።

«እንዳትሄጂ ነበር» አለች ፀሃዬ።

ልጅቷ መሬት አየች። እንግዲያማ አልሄድም፣ እኔም መጀመሪያውኑ ልቀር ነበር ማለት ጀመረች። እናቷ አላስጨረሰቻትም።

«አሁን ያ ቀረ። በማይክ የተናገርኩትን ሰው ሁሉ ሰምቷል። ካልሄድሽ ከየት ትመለሻለሽ? ቂርቆስ ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

ዳናይት ወደ እኔ ዞረች፤ ጫማውን አስቀመጥኩ። እናትሽ እውነቷን ነው፣ ሳይሄድ የተመለሰ ሰው የለም አልኳት። ከዚያ መሐል መንገድ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ወያላው «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ» እያለ በላያችን ላይ ይጮኻል።

ሰኞ ሄደች። ሻንጣው፣ አጎበሩ፣ ጋቢው፣ ፀሃዬ የደለዘችው በርበሬ፤ ሱቅ ልትከፍት የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አቶ ወልደአረጋይ እስከ በሩ እየተከተሉ ውኃ አፍልተሽ ጠጪ ይላሉ። ፀሃዬ ከመናኸሪያ ስትመለስ አላለቀሰችም። አልጋውን መጀመሪያ ወደነበረበት ቦታ መለሰችው፣ ከዚያ አላስችል ብሏት አውጥታ በሌላ በኩል አዞረችው።

በሳምንቱ ዳናይት ደወለች። ክፍል ተከራይታለች፣ ሐይቁን አይታለች፣ መንገዱ አልለይላት ብሎ ሁለት ጊዜ ባጃጅ አሳስቷታል። ሲመሽ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል አለች፤ የእኔን ጋቢ ለብሳዋለች። ይህን ስሰማ አቶ ወልደአረጋይ ቤት ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው፤ በእሳቸው ጊዜ አይበርድም ነበር አሉኝ።

ፀሃዬ ግን የሰማችው አንዲቱን ቃል ብቻ ነው። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን ተከናንባ መስኮቴ ላይ ቆመች። በእጇ ዘንቢል አለ፣ ከዘንቢሉ የብርድ ልብስ ጫፍ ይታያል። ከቄራ ወዲያ ወደ ደቡብ ረግጣ የማታውቅ ሴት፣ የሀዋሳ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው አለችኝ።

«ልጅቷ ልትመለስ ነው የተሳልሽው ወይስ አንቺ ልትሄጂ?»

«በርዷታል እኮ።»

«ሱቁስ?»

«አንቺ እያየሽልኝ። ለሁለት ቀን ነው» አለች፣ የሱቋን ቁልፍ በመስኮቱ ብረት መሐል እያሾለከችልኝ።

የፀሃዬን ሁለት አሁን እኔም አውቀዋለሁ። መኪናዬን በጨርቅ ሸፈንኩና ሱቁን ልከፍት ወደ ቡልጋሪያ ወረድኩ።