ጋቢናው ሲፈታ

ፊርያል ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ባል የላትም፣ ልጅ የላትም፤ ዘርቃ ከተማ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋች ትኖራለች። "የስንቱን ልጅ ስትድር የራሷን ቀሚስ ሳትቆርጥ ቀረች" እያሉ ጎረቤቶቿ ያሟታል። ሐሜት ሥራ የፈታ ሰው ደመወዝ ነው። እውነቱ ሌላ ነው። እናቷ አሥራ አንድ ዓመት አልጋ ላይ ቀርታ፣ እሷ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ፣ ስታጎርስ ዕድሜዋ ሄደ። እናቷን በቀበረች በአርባ ቀኗ ወጥታ ሁለት በር ያላት አሮጌ ነጭ ሆንዳ ገዛች።

ወንድሞቿ "ሐጅ ብትሄጂበት አይሻልም ነበር?" አሏት።

"እናንተ ሂዱ፣ ኃጢአቱ የናንተ ይበዛል" አለችና በሩን ዘጋችባቸው። እናታቸውን በዓመት ሁለቴ፣ ያውም በዒድ፣ የሚጠይቁ ወንዶች ነበሩ።

መኪናዋን ይዛ አንድ ማኅበር ገባች። ማኅበርተኞቹ በወር አንዴ ዓርብና ቅዳሜ በረሃው መሃል ካለ አሮጌ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ድንኳን ተክለው የሚያድሩ፣ በመኪና የሚሽቀዳደሙ ሰዎች ናቸው። ጥርስ ሐኪም አለ፣ ዳቦ ጋጋሪ አለ፣ የሒሳብ አስተማሪ አለ። ሽልማት የለም፤ ተመልካችም የለም፣ ከግመል በቀር። ሲዞሩ ውለው የተነሱበት ይመለሳሉ፤ አልሸሹም ዞር አሉ ማለት ይኸው ነው። ግን የአንዱ መኪና ሲሰበር ሁሉም ከሥሩ ይገባሉ። ሊቀድመው የመጣው ሰው የራሱን መለዋወጫ አውጥቶ ይገጥምለታል። ወንድም ለወንድሙ የማያደርገውን እነሱ ያደርጋሉ።

አንድ ደንብ አላቸው። አዲስ ገቢ ብቻውን አይነዳም፤ የኋላ ወንበሩ ገና ሲገባ ይወጣል፣ ጋቢና ግን አሰልጣኝ ይቀመጥበታል። አሰልጣኙ "በቅቷል" ብሎ ካርዱ ላይ የፈረመለት ዕለት ማኅበርተኛው የብሎን መፍቻውን ይዞ ይመጣና የጋቢናውን ወንበር ከሥሩ ይፈታል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ትርፍ ወንበር ምን ይሠራለታል? ክብደት ነው። የመጀመሪያውን ብሎን አሰልጣኙ ይፈታል፤ ከዚያ እልልታ ነው። ፊርያል ሦስት ዓመት ሙሉ የሌላው ወንበር ሲፈታ እልል ብላለች። ከእሷ ኋላ የገቡት ሁሉ ፈትተዋል። የእሷ ወንበር እንደተተከለ ነው፤ ላዩ ላይም አቡ ሺሃብ አለ።

አቡ ሺሃብ በጎልማሳነቱ የተራራ መንገድ ሽቅብ ሲነዳ ስሙ የገነነ ሰው ነበር። አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ልቡ ከድቶት ሐኪም "ከእንግዲህ መሪ እንዳትይዝ" ስላለው መኪናውን ሸጧል። ሚስቱ ሞታለች፤ ልጁ ሺሃብ ኩዌት ገብቶ ቀርቷል። አዲስ ገቢዎቹ ሽማግሌ አይፈልጉም፤ የሚፈልጉት በስልክ እየቀረጸ "ጎበዝ! ጎበዝ!" የሚላቸውን ጎረምሳ ነው። ስለዚህ የቀረችው ተማሪ ፊርያል ብቻ ነች። ቤቱ ከእሷ ሰፈር ወደ አውራ ጎዳናው መውጫ ላይ ነው። ዓርብ ሲነጋጋ ሄልሜቱን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታል፤ እሷ ይዛው ትሄዳለች፣ ይዛው ትመለሳለች።

የዚያ ዓርብ ጉዞ ከበጋው ሙቀት በፊት የመጨረሻው ነበር። ቅዳሜ የመዝጊያው ሃያ ዙር ውድድር አለ። የሚገባበት ካርዱ የተፈረመለት ብቻ ነው።

"ዛሬ ይፈርሙልኛል?" አለችው ማሰሪያውን እየሳበች።

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እግርሽን ጠይቂው።"

"እግሬ ደግሞ ምን አደረገ?"

"ሦስተኛው ኩርባ ላይ ይፈራል። ታጥፈሽ መሃሉ ላይ ስትደርሺ ነዳጁን ትለቂያለሽ። እዚያ ላይ የለቀቀ ሰው የመኪናው ኋላ ፊቱን ይቀድመዋል። ስንት ዓመት ልንገርሽ? ግድግዳ ብነግረው እስካሁን ነድቶ ነበር።"

ጠዋቱን ስምንት ዙር ነዱ። ሦስተኛው ኩርባ በደረሱ ቁጥር አቡ ሺሃብ "እግርሽ!" ይላል። አንዴም አልዘለለም። ፊርያል እግሯን ጠላችው። ሌሊት ተኝታ እንኳ ቀኝ እግሯ የሌላ ሰው እየመሰላት ትነቃለች።

ከዓርብ ሶላት በኋላ ቲማቲም በትልቅ መጥበሻ ተጠብሶ ሁሉም ዙሪያውን ከበበ። ዊዳድ ከጥበቃዋ መጣች። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነች፤ አራት ዓመት ሙሉ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ባንዲራ ይዛ የምትቆመው እሷ ነች። ፊቷ በአቧራ ነጥቶ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል።

"ምነው ኮምጣጤ የጠጣሽ መሰልሽ?" አለቻት ዳቦ እየቆረሰች።

"እግሬ ነው። ያንቺ ኩርባ ላይ ዛሬም ለቀቅሁ። ነገም ቆሜ ላጨበጭብላችሁ ነው።"

የዊዳድ እጅ መጥበሻው ውስጥ ቆመ። "ማን ነው ለቀቅሽ ያለሽ?"

"አቡ ሺሃብ ናቸዋ።"

"ስሚ፣ ፊርያል። ሠላሳ ዓመት የፅንስ ልብ ሳዳምጥ የኖርኩ ሴት ነኝ። እዚያ ኩርባ ላይ ማን እንደፈራ፣ ማን እንዳልፈራ በሞተሩ ድምፅ አውቃለሁ። ጥርስ ሐኪሙ ይለቃል። ኢንጂነር ተውፊቅ ራሱ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ፣ ንፋስ ካለ ይለቃል። አንቺ ካለፈው ጸደይ ወዲህ ለቀሽ አታውቂም።"

"ታዲያ ለምን..."

"እሱን እኔን አትጠይቂ" አለችና ጎረሰች።

ፊርያል ዳቦዋን አስቀመጠች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባል የለ? ገብቷታል፤ እንዲገባት ግን አልፈለገችም።

ከሰዓት በኋላ አቡ ሺሃብን ጋቢና አስቀምጣ ወጣች። ሦስተኛው ኩርባ ጋ ስትደርስ ነዳጁን ወለሉ ድረስ ረገጠችና እግሯን እንደ ሚስማር ተከለችው። መኪናዋ ተንገጫገጨች፤ ያዘች፤ ወጣች።

"እግርሽ!" አለ አቡ ሺሃብ።

"ለቀቅሁ?"

"ለቀቅሽ። ሰማሁት።"

በሁለተኛው ዙርም ያንኑ አደረገች። "እግርሽ!" በሦስተኛው ሰረቅ አድርጋ አየችው። ወደ እግሯም ወደ መንገዱም አያይም። ጭኑ ላይ ያሉትን እጆቹን እያየ፣ ከኢማም ኋላ አሚን እንደሚል ሰው "እግርሽ" አለ።

ከመንገዱ ወጥታ ከጎማ ክምር ጎን ቆመች፤ ሞተሩን አጠፋች።

"አቡ ሺሃብ፣ ወለሉን ልበሳው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አልለቀቅሁም።"

"እኔ እዋሻለሁ?"

"ዋሽተዋል። ዓመት አለፈዎት።"

ሽማግሌው ሄልሜቱን ለማውለቅ ማሰሪያውን ፈለገ፤ አጣው፤ ተወው። "ብፈርምልሽ ወንበሩን ይፈቱታል" አለ።

"ይፍቱት።"

"ባንዲራ እንዳልይዝ ፀሐይ ላይ መቆም አልችልም። እንዳልነዳ ተከልክያለሁ። እዚህ ግቢ የምገባው በዚህ ወንበር ነው።"

 ፊርያል ብታዝንለት ደግ ነበር። እሷ ግን ደግነቷን አሥራ አንድ ዓመት አውጥታ ጨርሳዋለች። "እናቴን ተሸክሜያለሁ፤ ልጇ ነኝ፣ ግዴታዬ ነው" አለች። "ለእርስዎ ምንዎ ነኝ?"

"ምኔም አይደለሽ" አለ። "ሌላውን ቀን ግድግዳ እያየሁ ነው የምውለው። እዚህ ሲሆን ሰው እሆናለሁ፣ ያ ብቻ ነው።"

"ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?"

"አልፈርምም። ከፈለግሽ ሂጂና ክሰሺኝ።"

ሄደች። ለማኅበርተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ "ሌላ ሰው ይየኝ" ማለት አሰልጣኝን በአደባባይ ሐሰተኛ ማለት ነው። ኢንጂነር ተውፊቅ ሰምቶ ጢሙን አሻሸ። አቡ ሺሃብን ላለማየት ወደ ድንኳኖቹ ዞረ። ከዚያ ራሱ ጋቢና ገብቶ ሦስት ዙር ተቀመጠ። ወርዶ ካርዷ ላይ ፈረመ።

"ይህ ሰውዬ ምን ነክቶት ነው?" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እሳቸውን ይጠይቋቸው" አለች ፊርያል። ሊጠይቀው ግን አልደፈረም፤ ማንም አልደፈረም። ማታ እሳቱ ዳር አቡ ሺሃብ ሲቀመጥ ወሬው ሁሉ ስለ ጎማ ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት አርባ ሰው የፊርያልን መኪና ከበበ። ዳቦ ጋጋሪው መጥበሻውን በማንኪያ እየመታ "ሙሽሪት! ሙሽሪት!" ይላል። ጥርስ ሐኪሙ "እኔ ልንቀለው፣ ሥራዬ ነው!" ብሎ ሰውን አሳቀ። ኢንጂነር ተውፊቅ መፍቻውን ከፍ አድርጎ ተጣራ፦ "አቡ ሺሃብ! የመጀመሪያው ብሎን የእርስዎ ነው!"

ፊርያል አይመጣም ብላ ነበር። መጣ። በከፈቱለት በር ተንበርክኮ ገባ። የመጀመሪያው ብሎን ዝጎ ነበርና እምቢ አለው፤ አንዱ ጎረምሳ ሊያግዘው ጎንበስ ሲል "ዞር በል!" አለው። ፈታው። ደንቡ አንድ ብሎን ነው፤ እሱ ግን አልተነሳም። አራቱንም ፈታ። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ብሎኖቹን ፊርያል መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

"አትጣያቸው። መኪናዋን ስትሸጪ ይፈለጋሉ" አለ። 

እልልታው ቀለጠ። ወንበሩን ሁለት ሰዎች አንስተው ወደ መጋዘን ወሰዱት። እንግዲህ አርባ ሰው ነው። ፊደል የቆጠረ፣ መኪና በትኖ የሚገጥም፣ የአንዱን ግራም ክብደት የሚያሰላ። ሽማግሌውን ከዘርቃ ያመጣውን ወንበር ፈትተን በምን ልንመልሰው ነው ያለ ግን አንድ ሰው አልነበረም። ፊርያልም አላለችም። የሁሉም መኪና እኮ ባለ አንድ ወንበር ነው፤ ከዚያ ግቢ ሰው ጭኖ የሚወጣ መኪና የነበረው የእሷ ብቻ ነበር።

ውድድሩ ተጀመረ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሳይጠብቃት፣ ሰው ሳታነሳ፣ ብቻዋን ነዳች። ደስ አላት? አዎ፣ ለምን ይዋሻል። መኪናዋ ቀለለች፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ እግሯ አልተነቃነቀም። ዊዳድ በባንዲራው እንጨት ሰላም አለቻት። በአሥራ አራተኛው ዙር ጥርስ ሐኪሙን ቀደመችው። ያኔ በቀኝ በኩል "አዩ?" ልትል አፏን ከፈተች፤ ባዶ ብረት ነው። አፏን ዘጋች።

አሥራ አንደኛ ወጣች። ውሃ ደፉባት፤ ሴቶቹ አቀፏት። እሷ በሰው ትከሻ ላይ አሻግራ ትፈልግ ነበር።

"አቡ ሺሃብ የት ናቸው?" አለቻት ዊዳድን።

"ውሃ ሊያራግፍ ከመጣው ቦቴ ጋር ሄዷል። አስፋልቱ ድረስ አድርሱኝ ሲላቸው አየሁ።"

"ለምን? እኔ አልወስዳቸውም?"

ዊዳድ በተከፈተው በር ወደ መኪናው ወለል ተመለከተች። ፊርያልም ተመለከተች።

ድንኳኗን ሳትነቅል ወጣች። ቦቴው በሌላው አቅጣጫ ወደ አዝራቅ የሚታጠፍ ስለሆነ ሽማግሌውን መገንጠያው ላይ አውርዶት ሄዷል። የአውቶቡስ ማቆሚያ ጥላ በሌለበት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሄልሜቱን ከፀሐይ መከለያ ብሎ አድርጎታል፤ ፊቱ ቀልቷል።

"ይግቡ" አለችው።

"የት?"

"ብርድ ልብስ አነጥፍልዎታለሁ።"

"እንደ ዒድ በግ?"

"እንግዲያው ወንበሩን ሄጄ ላምጣው። አሁን እገጥመዋለሁ።"

"የተፈታ ወንበር አይገጠምም። የገጠመ ሰው አልበቃሁም ብሏል ማለት ነው። ደንቡን አታውቂም?"

"ደንቡ ገደል ይግባ!"

"ሦስት ዓመት የተመኘሽውን? ተይ፣ አታሳፍሪኝ። ሂጂ።"

አልሄደችም። መኪናዋን አጥፍታ ጥላዋ እሱ ላይ እንዲያርፍ ፊቱ ቆመች።  የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አሸዋው ይገርፋቸዋል።

"ስንተኛ ወጣሽ?" አለ በመጨረሻ።

"አሥራ አንደኛ።"

"ከስንት?"

"ከአሥራ ዘጠኝ።"

"ደካማ ነው። ከቀደሙሽ ውስጥ እኔ ያሰለጠንኳቸው ስንት ናቸው?"

አሰበች። "ስድስቱ።"

"ስድስት" አለ። ቁጥሩን አፉ ውስጥ አገላብጦ እንደ ፍሬ ዋጠው።

አውቶቡሱ ከሩቅ ታየ። አቡ ሺሃብ ድንጋዩን ተደግፎ ተነሳ። ፊርያል ልትደግፈው እጇን ሰደደች፤ ክርኑን ሸሸት አደረገ።

"አቡ ሺሃብ፣ መስከረም ላይ ማኅበሩ ሲከፈት..." ብላ ጀመረች።

"ሲከፈት ምን?"

 በምን ልትወስደው? ወስዳስ የት ልታስቀምጠው? ሽማግሌው ጥቂት ጠበቃት። እንደማትጨርሰው ሲያውቅ ወደ አውቶቡሱ ወጣ፤ መስኮት አጠገብ አልተቀመጠም።

መስከረም ላይ ማኅበሩ ተከፈተ። ፊርያል በመጀመሪያው ዓርብ ስትወጣ ሽማግሌው በሩ ላይ ነበር፤ በቤት ልብስ፣ እጁ ባዶ። ሰላም አለችው፤ ራሱን ነቀነቀላት። በሁለተኛውም ጉዞ ነበር። ከሦስተኛው ጀምራ ግን በሩን ትታ በወፍጮ ቤት በኩል ዞራ መሄድ ጀመረች። ሁለት ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ መንገዱም ጉድጓድ ነው።