የሾርባው ፊልም

እህቴ፣ መቼም አንቺም ልጆችሽ ፊት ስልክ ቶሎ ዘግተሽ፣ "ማነው?" ሲሉሽ "ማንም" ብለሽ ታውቂያለሽ። ትረጂኛለሽ ብዬ ነው የምነግርሽ።

ዲቪዲ ከላይብረሪ በምንዋስበት ጊዜ ነው። እዚህ ሬኒየር ቢች ሰፈር፣ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ሮማነወርቅ የምትባል ጎረቤት ነበረችኝ። ባሏ ሳህሌ የታመመች እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ሐሙስ ዕለት እዚያው መኪና ገጭቶት ሞተ። ወሬው መጀመሪያ የደረሰው እዚህ ላለው ለአጎቱ ልጅ ለአክሊሉ ነው።

"እማማ ትሁን፣ እሷ እንዳትሰማ" አለኝ ደውሎ። "ሰባት ወሯ ነው። እሑድ ንጋት ላይ ትልልቅ ሰዎች ይዘን መጥተን እናረዳታለን። እስከዚያ አደራዎን።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ሮማነወርቅ ካፒቶል ሂል ሬስቶራንት ስትሠራ ልጆቿን የምይዝላት እኔ ነኝ። የኔዎቹ አድገው ወጥተዋል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ሳሮን ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ፋኑኤል አምስት። ይዛቸው ስትመጣ ሆዷን ደግፋ ትስቃለች።

"ሳህሌ ጠፋኮ! እናቱን ሲያገኝ እኛን ረሳን።"

"ኔትወርኩ ይሆናል" አልኳት። እመቤቴ ታውቃለች፣ ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ቀኑን ሙሉ ፍርሃቴ አንድ ነው። ልጆቹ የሆነ ነገር ሰምተው ለእናታቸው ኮል ቢያደርጉስ? ስልኬን ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ልጄ ከላይብረሪ አምጥታ የረሳችው ዲቪዲ ነበር፤ ሽፋኑ ላይ ሁለት ልጆች አሸዋ ላይ ይሮጣሉ። የልጆች ነው ብዬ ከፈትኩላቸው። ለካ የፈረንሳይ ፊልም ነው።

"ለምንድነው ጉንፋን እንደያዘው ሰው የሚያወሩት?" አለ ፋኑኤል።

"ፍሬንች ነው፣ ደደብ" አለች ሳሮን።

"ወንድምሽን እንደሱ አይባልም።"

"ኦኬ። ፍሬንች ነው፣ ጌታዬ።"

ከታች የሚወጣው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለእኔ ይፈጥንብኛል፣ ፋኑኤል ገና አያነብም። ሶ ሳሮን ታነብልን ጀመር።

አንድ ትልቅ ቤት ነው። ትልልቆቹ ማድቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ። ልጆቹ ሲገቡ ዝም ይሉና ዳቦ ይሰጧቸዋል። ስልክ ሲጮኽ አንዷ ሮጣ ታነሳለች። ጠቅላላ የሚታየው ከልጆቹ ቁመት ነው፤ ጫማ፣ ቀሚስ፣ በር ሲዘጋ። ልዝጋው ብል ለምን ይሉኛል።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ደረጃው ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች አንድ ነገር ተናገረች። ጽሑፉ ወጣ። ኔርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው፤ "ዴድ"፣ ሞተ የምትለዋን ቃል የትም ባያት አልስታትም። ከጎኗ ደግሞ "ፋዘር"፣ አባት ትላለች።

ሳሮን ወንድሟን አየችው። "ሾርባው ቀዝቅዟል ነው የምትለው።"

"ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?" አለ ፋኑኤል።

"ሾርባ ስለምትወድ።"

እሱ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ያነበበችው በሙሉ ውሸት ነው። አባትየው ዓሣ ሊያጠምድ ሄደ። ጥቁር የለበሱት ሰዎች ለልደት መጡ። ድምፅዋ አንዴም አልተንቀጠቀጠም። ፋኑኤል ሶፋው ላይ እንቅልፍ ሲወስደው ፊልሙን ዘጋሁት።

"ሳሮንዬ፣ ምን ሆንሽ?"

"ነገ ጠዋት ነው የምትመጡት?"

"የት?"

"እኛ ቤት። የጓደኛዬ የልዑልቃል አያት የሞቱ ጊዜ ኮሎምቢያ ሲቲ እነሱ ቤት በጠዋት ነው የሄዳችሁት። እሱ ነግሮኛል።"

ለካ ትናንት እናቷ ሻወር ስትወስድ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። ከአዲስ አበባ አንዲት ሴት ማን እንዳነሳው እንኳ ሳትጠይቅ እያለቀሰች ነገረቻት። ልጅቷ ዘግታ፣ ቁጥሩን ከስልኩ አጥፍታ፣ ለእናቷ "ሮንግ ነምበር ነው" አለቻት።

"ማሚ ቤቢ አላት" አለችኝ።

ላቅፋት እጄን ስዘረጋ ሸሸች። "ኖ፣ እማማ። ካለቀስኩ ዐይኔ ያብጣል። ማሚ ታያለች።" ደግሞም፣ "ነገ ስትመጡ እንደማላውቅ ነው የምሆነው?" አለች።

አባታችን ሆይ ብዬ ጀመርኩ፣ አልጨረስኩትም።

ማታ ሮማነወርቅ ልትወስዳቸው መጣች። "አስቸገሩዎት?"

"ፊልም አየን" አለች ሳሮን።

"ስለምን?"

"ስለ ሾርባ።"

እሑድ ንጋት ደረጃውን በቀስታ ወጣን። አክሊሉ ሊያንኳኳ እጁን ሲያነሳ በሩ ተከፈተ። ሳሮን ናት፤ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ። የመስታወት ጠረጴዛውን ከሶፋው ፊት ገፍታ ግድግዳ ሥር አስጠግታዋለች፤ እናቷ ብትወድቅ እንዳይመታት ነው። ሰዎቹ በግራና በቀኟ እያለፉ ገቡ፤ ዝቅ ብሎ ያያት የለም።

"ሳሮን፣ ማነው?" አለች ሮማነወርቅ ከመኝታ ቤት።

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ከፍታ፣ ምን ልበል በሚል ዐይን እኔን አየች።

እህቴ፣ መርዶ ይዘሽ ስትሄጂ፣ በሩን የምትከፍትልሽን ልጅ አልፈሻት አትግቢ።