ትከሻው ላይ ያለው እጅ

«ጋሽ በሽር፣ ትንሽ ከፍ አድርገው» አለች ወለተሐና።

ፎቶ አንሺው በሽር የፎቶ ማጉያውን ራስ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። በጨለማው ክፍል ውስጥ የወንድሟ የኃይለ ገብርኤል ፊት ሰፋ፤ በሰፋ ቁጥር ግን ምስሉ ከሚያርፍበት ሰሌዳ ወደ ዳር ይሸሻል። በሽር ሰሌዳውን ሳብ አድርጎ ፊቱን ወደ መሃል መለሰው። ገና ወረቀት ላይ ያልታተመ ፊልም ነውና ጥቁሩ ነጭ ሆኖ፣ የኃይለ ገብርኤል ፀጉር የሽማግሌ መስሏል።

«አሁንም ጨምር። እማዬ ከተቀመጠችበት ትየው።»

«ከዚህ ካለፈ ምስሉ እንደ አሸዋ ይበታተናል። ዓይኑን ታጪዋለሽ።»

የኃይለ ገብርኤል መርዶ ከግንባር የመጣው በዚያው ሳምንት ነበር። ሬሳ የለም። አልቃሽ የሚሰበሰብበት በምትኩ የተዘረጋው ኮቱ ብቻ ነው። ፎቶም ቢሆን ያለው ይኸው አንዱ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄዱ ከጓደኛው ከገብረ ጻድቅ ጋር የተነሳው ነው። ኃይለ ገብርኤል መቆም የማይሆንለት ልጅ ነበር። በሽር «አትንቀሳቀስ» ባለው ቁጥር በሳቅ ይፈርሳል። በመጨረሻ ገብረ ጻድቅ ትከሻውን ጨምድዶ «ቁም አንተ በቅሎ!» ሲለው ነው ፎቶውን የተነሱት።

«ጓደኛውን አውጣልኝ» አለች ወለተሐና። «በሕይወት ባለ ሰው ላይ ይለቀሳል እንዴ? እናቱም ለለቅሶ እኛው ቤት ናት።»

«እሱስ ይወጣል። እጁን ካወጣሁ ግን የወንድምሽ ትከሻ አብሮ ይሄዳል።»

«እጁን ተወው» አለች ወለተሐና።

ለቅሶው ቤት ፎቶው ኮቱ ላይ ሲቀመጥ እናቷ አመተ ማርያም «ልጄ! ልጄ!» እያለች ደረቷን ደቃች። ከኋላ ሹክሹክታ ተነሳ።

«የማን እጅ ነው እሱ?»

«እንጃ። አብረው የሞቱ ይሆናላ።»

«ዝም በይ!»

የገብረ ጻድቅ እናት ለተጊዮርጊስ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። የልጇ ወሬ ከጠፋ ከርሟል። ጎንበስ ብላ ትከሻው ላይ ያለውን እጅ አየች፤ የአውራ ጣቱን ጠባሳ አወቀችው። መዳፏን ፎቶው ላይ አድርጋ እጁን ሸፈነችው።

«ምነው ለተጊዮርጊስ፣ ልጄን ትከልይብኛለሽ?» አለች አመተ ማርያም።

«የኔን ነው እህቴ። የኔን ብቻ ነው የከለልኩት።»

ወለተሐና አንገቷን ደፋች። አመተ ማርያም የጎረቤቷን መዳፍ አየች፤ መዳፉ አሁንም ከእጁ ላይ አልተነሳም።

ከዚያ ለቅሶዋን ቀጠለች። ለቅሶው የለተጊዮርጊስን ልጅ እንዳይነካ ግን «ልጄ» ማለቱን ተወችው። «ኃይለ ገብርኤል» አለች፤ «ኃይለ ገብርኤል» እያለች፣ በየስንኙ በስሙ ትጠራው ጀመር።