ቀዝቃዛው መብራት

ጋሽ አምፖል የሳሙናው ማስታወቂያ የሚቀረጽበት አዳራሽ ገብቶ የመጡለትን መብራቶች በእጁ ሲዳስስ ወሽመጡ ቁርጥ አለ። ስስ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀዝቃዛ። አብርቶ ጠበቀ፤ አሁንም እንደ ትሪ ቀዝቃዛ ናቸው። እነዚያ ፊት የሚለበልቡት ትልልቆቹ የት ሄዱ ብሎ ቢጠይቅ ካሜራማኑ ሳቅ አለ።

«ጋሼ፣ እነሱማ ጡረታ ወጡ። አዲሶቹ ቀኑን ሙሉ ቢበሩ አይሞቁም።»

አይሞቁም! እንግዲህ ጉድ ፈላ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሽ አምፖል ዓይን እየከዳው ነው። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ የሄደው አይመለስም ብሎታል። ሰው የሚታየው እንደ ጥላ ነው፤ ብርሃን ደግሞ የትም ቦታ አንድ ዓይነት ጭጋግ ሆኖበታል። ይህን ለማንም አልተነፈሰም፤ ለሴት ልጁም ቢሆን። ብርሃን የማያይ የመብራት ባለሙያ ማን ይጠራል? ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ይኸው ሥራ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ ምን ሊሆን ነው? ግድግዳ እየዳሰሰ ሊውል?

እስከ ዛሬ ጉዱን የሸፈነለት ጉንጩ ነው። ተዋናዩ የሚቆምበት ቦታ ይቆምና፣ ዓይኑን ይጨፍንና፣ ፊቱን ቀስ አድርጎ ያዞራል። ቀኝ ጉንጩን ካሞቀው መብራቱ ከቀኝ ነው፤ ግንባሩን ከለበለበው ከፍ ብሏል ማለት ነው። «ትንሽ ዝቅ አድርጉት» ይላል። ሰዉ ይህን ሲያይ የጥበብ ሁሉ መጨረሻ መስሎት አፉን ይከፍታል። የጋሽ አምፖል መብራት አይሳሳትም የሚባለውም በዚህ የተነሳ ነው። እሱም ዝም አለ። ምን ይበል?

ዛሬ ደግሞ የምትጨፍረው ሴት ልጁ ናት። ዳይሬክተሩን ለምኖ ያስገባት እሱ ራሱ ነው። ነጭ ቀሚስ ለብሳ ከእንጨቱ መድረክ ጥግ እየተሽከረከረች ትመጣለች፤ ሙዚቃው ቀጥ ሲል፣ መሃል ላይ በፕላስተር የተለጠፈው መስቀል ላይ ቆማ፣ ፊቷን ቀና አድርጋ ፈገግ ትላለች። ማስታወቂያው በሙሉ ያቺ ፈገግታ ናት። ፊቷ ካልታየ ነጭ ቀሚስ ብቻውን ሳሙና አይሸጥም።

ጋሽ አምፖል እንደ ልማዱ መስቀሉ ላይ ቆመ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱን አዞረ። ምንም የለም። ቀኙም ግራውም ያው ነው። ላብ አጠመቀው። አዳራሹ ሁሉ ይጠብቀዋል።

«የግራውን... ትንሽ ወደዚህ» አለ በግምት። «በቃ። ጥሩ ነው።»

ማንም አላጣራም። ጋሽ አምፖል ጥሩ ነው ካለ፣ ጥሩ ነው።

ሙዚቃው ተለቀቀ። ልጅቱ መጣች፣ ተሽከረከረች፣ ቆመች።

«ከት» አለ ዳይሬክተሩ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ። «ፊትሽ ጨለማ ውስጥ ነው። ምልክቱን ስተሻል።»

በሁለተኛው አንድ እርምጃ አልፋ ቆመች። አሁን ደግሞ ካሜራማኑ ራሱን ነቀነቀ። «ፊቷ በራ፣ ግን ደበዘዘብኝ። ሌንሱን ያስተካከልኩት ለመስቀሉ ነው።»

በሦስተኛው ወደ መስቀሉ ተመለሰች፤ ጨለማ። ዳይሬክተሩ ትዕግሥቱ አለቀ። «እህቴ፣ እግር እኮ ነው ያለሽ። አንድ ቦታ ማቆም ያቅታል?»

ጋሽ አምፖል ግን ሰምቷል። መስቀሉ የተለጠፈበት ጣውላ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ሲረገጥ እንደ ባዶ ሳጥን ድም ይላል። በመጀመሪያውም በሦስተኛውም ድም ብሏል። ልጁ ቦታዋን አልሳተችም። የሳተው የእሱ መብራት ነው።

ሜካፕ ሲያድሱላት ጊዜ ሹልክ ብሎ ወደ መብራቱ ሄደና መዳፉን ዘረጋለት። ያ የተረገመ ነገር ትንፍሽ አይልም። በደመ ነፍስ ገፋ አደረገውና ተመለሰ፤ አምላኩን እየለመነ።

አራተኛው ከሁሉም የባሰ ሆነ።

«ይበቃል» አለ ዳይሬክተሩ። «ያቺን ሌላዋን ጥሩልኝ፤ ቀሚሱን ትልበስ።»

«እሺ» አለች ልጅቱ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እግሬ ዛሬ እምቢ ብሎኛል።»

እግሯ? ከሕፃንነቷ ጀምሮ የእግሯን ድምፅ ከሺህ ሰው መሃል የሚለየው አባት ይህን እየሰማ ዝም ይበል? ሊል ነበር እኮ። እውነቱን እንነጋገርና፣ አፉን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ሦስት ጊዜ ዘግቷል። በኋላ ግን ወጣለት።

«እሷ አይደለችም። መብራቱ ነው። እኔ ነኝ... አይታየኝም።»

ዳይሬክተሩ በትዝብት ሳቅ አለ። «ጋሼ፣ ልጅህ ናት፤ ይገባኛል። ግን ያንተ መብራት መቼ ተሳስቶ ያውቃል?»

ይኸውልህ እንግዲህ! ስንት ዘመን የደበቀውን ቢናዘዝ የሚያምነው አጣ።

«አጠገብህ የቆመው ማነው?» አለ ጋሽ አምፖል። «ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። አንተን ራስህን በድምፅህ ነው የለየሁህ። ካላመንክ የሆነ ነገር አንሳና ጠይቀኝ።»



«ምን ይዣለሁ?» አለ ዳይሬክተሩ ቀስ ብሎ።

«እንጃ። እጅህን ማንሳትህንም አላየሁም።»

ካሜራማኑ ሄዶ መስቀሉ ላይ ቆመና ወደ መብራቱ ዞረ። «እውነቱን ነው» አለ። «ብርሃኑ እዚህ አይደርስም።»

መብራቱን አዞሩት። ልጅቱ አንዴ ብቻ ጨፈረች፤ ተቀረጸ፤ ተጨበጨበ። ጋሽ አምፖልን አንድ ሰው ክንዱን ይዞ «ጋሼ፣ በዚህ በኩል፣ ቀስ» እያለ ወስዶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ተይዞ ሲሄድ የመጀመሪያው ነበር። ከዚህ ወዲያ እንደማይጠሩት ከዚያ አያያዝ ገባው።

ልጁ እያለከለከች መጥታ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ተናዳለች።

«ለምን ተናገርክ አባዬ? ለኔ ሌላ ማስታወቂያ ይመጣል። አንተ ከዚህ ሌላ ምን አለህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ሻይ ከብርጭቆው ውጭ መቅዳት ከጀመርክ ጀምሮ።»

ለስንት ጊዜ አብራው ስትደብቅ ኖራለች ማለት ነው። ቢቸግረው፣ «ፊትሽ ታየ?» አላት።

እጁን አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው። ከጭፈራው የተነሳ ይፋጃል። ጋሽ አምፖል እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነና ሙቀቱ በየት በኩል እንደሚበዛ በመዳፉ ፈለገ። ሁለቱም ጉንጮቿ እኩል ይሞቁ ነበር፤ ሁለቱም እርጥብ ነበሩ።