ጨረቃን ያላየው ምስክር

ማታትያ «አየኋት!» ብሎ በጮኸባት ቅጽበት ዮዔዘር ጎንበስ ብሎ ከተረከዙ እሾህ እየነቀለ ነበር። ቀና ሲል ምዕራቡን ደመና ሸፍኖታል።

«አየሃት አይደል?» አለ ማታትያ፣ የወይን እርሻ አዋሳኙ።

«እኔ ያየሁት እሾሄን ነው።»

«ምን ለውጥ አለው? አጠገቤ ነበርክ።»

ለውጥስ ነበረው። አዲስ ወር መግባቱ የሚታወጀው፣ በዓሉም ቀን የሚቆረጥለት፣ ሁለት ሰዎች ኢየሩሳሌም ሄደው ጨረቃዋን በዓይናችን አየን ብለው ዳኞቹ ፊት ሲመሰክሩ ነው። የአንድ ሰው ቃል፣ ሰውዬው ጻድቅ ቢሆን እንኳ፣ አይበቃም። ከመንደራቸው ደግሞ ለዚህ ክብር የበቃ ሰው ኖሮ አያውቅም። ለምስክሮች የሚቀርበው የበግ ሥጋም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው።

ዮዔዘርን በዕድሜው ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም። ሚስቱ ሐጊት እንኳ ምን ልቀቅል ብላው አታውቅም። ያን ምሽት ግን ወሬውን ሰምታ በር ላይ ጠበቀችው፤ እሱ አፉን ሳይከፍት ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራ ጨርሳለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና «አላየሁም» ሳይል ገባ።

ጎህ ሲቀድ በአንድ አህያ እየተፈራረቁ መንገድ ጀመሩ። ማታትያ እንደ ልማዱ በለስ እያኘከ የሚመሰክረውን ያስጠናው ነበር።

«ቀንዶቿ ወዴት ነበሩ?»

«ወደ ታች፣ ወደ ፀሐይዋ። እንደ ተደፋ ሳህን።»

«ከፍታዋስ?»

«ሁለት የበሬ መንጃ በትር ያህል። ማታትያ፣ ሕጉስ? በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር ይላል እኮ።»

«ባልንጀራህን አትጉዳ ነው የሚልህ። አንተ እኔን ልትጎዳ ነው እንዴ? ልትረዳኝ ነው እንጂ!»

የዮዔዘር ልብ ቀለል አለ። ሰው ልቡ እንዲቀለው ከፈለገ ትንሽ ነገር ይበቃዋል።

ኢየሩሳሌም ሲደርሱ መጀመሪያ ማታትያን ለብቻው ወደ ዳኞቹ አስገቡት። ዮዔዘር የሥጋው ሽታ እያወደው በግቢው ውስጥ ተራውን ጠበቀ። ሲጠሩት አንድ ሽማግሌ ዳኛ አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ጨረቃዋን አይተሃታል፣ ልጄ?»

መልሱ ሁሉ አፉ ላይ ነበር። ሽማግሌው ግን ዓይናቸውን ዓይኑ ላይ አድርገው፣ የሚለውን ሁሉ ሊያምኑት ተዘጋጅተው ይጠብቁት ነበር። እንዲህ አድርጎ የጠበቀው ሰው ስለሌለ እፍረት ያዘው።

«አላየሁም፣ አባቴ።»

«ታዲያ ምን አየህ?»

«እሾህ። ቀና ስል ደግሞ የማታትያን ፊት። ማኘኩን አቁሞ ነበር። በለስ በአፉ እያለ ማኘክ ያቆመበት ቀን የለም፤ አንድ ነገርስ አይቷል።»

ሽማግሌው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቀንዶቿ ወደ ፀሐይ ነበሩ ብሎኛል። ጨረቃ ቀንዷን ወደ ፀሐይ አዙራ አታውቅም፤ ያየው የደመና ቁራጭ ነው። አንድ ሰው ሲሳሳት ተሳሳተ ይባላል። ሁለት ሰዎች ያንኑ ስሕተት ይዘው ሲመጡ ግን መክረው መጡ ይባላል። አንተ ደግመህልኝ ቢሆን ጎረቤትህ እስኪሞት ድረስ ቃሉ በየትኛውም ሸንጎ አይሰማም ነበር። ያንተም።»

ለዮዔዘር አሁን ገባው። ማታትያን ሊረዳ መጥቶ ሊቀብረው ነበር። እግዜርን በልቡ አመስግኖ ወደ በሩ ሲያመራ ዳኛው ጠሩት።

«ወዴት ነው? ግቡና ብሉ። ዛሬ ጦማችሁን ብንሰዳችሁ ነገ እውነት ያየ ማን ይመጣልናል?»

ማታትያ የዮዔዘር ቃል አስቀድሞ ደርሶት ገበታው ላይ ፊቱን አጥቁሮ ያኝክ ነበር። «አዋረድከኝ» አለ ሳያየው።

ዮዔዘር ዳኛው ያሉትን አንድ በአንድ ነገረው። ማታትያ ማኘኩን አቆመ፤ በሁለት ቀን ሁለተኛው መሆኑ ነው። ከዚያ ትልቁን የጎን አጥንት አንስቶ ዮዔዘር ፊት አኖረው።

«ብላ» አለው። «እሾህ አያሳጣህ።»