ምስክርጣጣሽ

«ስሟ አንድም ቦታ የለም» አለ ሉቃስ። «አሁንም እልዎታለሁ፣ የለም። ይኸው ኮምፒውተሩ፣ እርስዎ ራስዎ ይፈልጉት።»

«የሌለበትን ቦታ አልጠየቅሁህም» አለች ፀጋነሽ። «ሰዎቹ በምን እንደሚስቁ ንገረኝ ነው ያልሁህ።»

ከቆመችበት ሳትነቃነቅ ስልኳን ወደ ፊቱ አስጠጋችለት። ሉቃስ ግን ስልኩን ትቶ ክርክሩን ቀጠለ። ባሕር ዳር ሥልጠና የላከችው እሷ እንደ ሆነች፣ እዚያም በስም ላይ ጥቁር ቀለም መቀባት ማጥፋት እንዳልሆነ መማሩን፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን ፊደል ማንም ቀድቶ ሊያወጣው እንደሚችል አስታወሳት። ለዚህም ነው ስሙን በመሸፈን ፈንታ ከነአካቴው በሌላ ቃል የተካው። ሲፈልግም በአልፋው እም በዓይኑ ዕም ፈልጓል። የጸሐፊውን ስም፣ በጎን የተጻፉትን ማስታወሻዎች፣ ሁሉንም ጠርጎ ነው ወደ ፒዲኤፍ የቀየረው። ከዚህ በላይ ምን ያድርግ?

ቢሮዋ እንጅባራ ላይ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ በላይ ያለች ባለ ሁለት ክፍል ነበረች። ለተበደሉ ሴቶች በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጠውን ትንሽ ማኅበር ፀጋነሽ ትመራዋለች፤ ሉቃስ ደግሞ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአውኝኛ፣ የተሰጠውን ቃል በአማርኛ ይጽፋል፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሁሉ የእሱ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ የዓመቱን ሪፖርት የየወረዳውና የየቀበሌው ተወካዮች ላሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ልከዋል።

«ክርክሩን ተወውና አንብብ» አለችው።

አነበበ። ከአንዱ ወረዳ የሆነ ሰው እንዲህ ብሏል፦ «ለመሆኑ ምስክርጣጣሽ ዘንድሮ መቼ ነው የሚውለው? በጉን ከአሁኑ ልግዛ ብየ ነው።» ከሥሩ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ሌላው መልሶለታል፦ «በጉን ተው፣ እሱ በምስክርላል ወጥ ነው የሚበላ።»

ሉቃስ አሁንም አልገባውም። የፊደል ግድፈት ነው፣ ይታረማል ሊል አፉን ሲከፍት ፀጋነሽ ሪፖርቱን ከኮምፒውተሩ ላይ ገልጣ ቦታውን በጣቷ አሳየችው። ጮክ ብሎ እንዲያነብም አዘዘችው።

«በምስክርጣጣሽ ማግሥት ጠዋት፣ ምስክር ወደ ዳንግላ ገበያ ለመሄድ ምስክርላል በቅርጫት ይዛ ወንዙ ዳር እንደ ደረሰች…»

ድምፁ እዚያው ላይ ቀረ።

ቃሉን የሰጠችው ሴት ስሟ እንቁ ነው። ሉቃስ ኮምፒውተሩን «እንቁ» ያለበትን ሁሉ «ምስክር» በል ብሎ አዘዘው፤ ኮምፒውተሩም ታዘዘ። ስም የት እንደሚያልቅ አያውቅም። «የእንቁ» የነበረውን «የምስክር» አለ፣ «ለእንቁ» የነበረውን «ለምስክር» አለ፣ ይህ ሁሉ ደኅና ነበር። ከዚያ እንቁላል ውስጥም እንቁን አገኘ፣ እንቁጣጣሽ ውስጥም እንቁን አገኘ። አሁን የሴቲቱን ስም ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ምንም መመርመር አያስፈልገውም። ከተበላሸው ቃል ላይ የጎደለውን መልሶ መሙላት ብቻ ነው፤ የሞላው ነገር ስሟ ነው።

ሉቃስ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ክርክሩ ከውስጡ ወጥቶ ሄደ።

«ይኸነው አይቶታል?» አለች ፀጋነሽ፣ በቀስታ።

መልእክቱን ያዩትን ሰዎች ስም ከፈተ። ይኸነው አለበት። ጠዋት አይቶታል።

ይኸነው የእንቁ ቀበሌ ተወካይ ነው። የአየነውን እኅት ያገባም እሱ ነው። አየነው ደግሞ ባለፈው መስከረም ሚስቱ ማናለብሽ ወንዝ ስትሻገር አዳልጧት ውኃ ወሰደብኝ ብሎ ያለቀሰ፣ አገር ያስለቀሰ ሰው ነው። ሬሳዋ ተቀበረ፣ ነገሩ ተዘጋ። ከቀብሩ ሳምንታት በኋላ እንቁ እንጅባራ ድረስ መጥታ፣ በዚያች ጠዋት አየነው የሚስቱን ራስ ውኃው ውስጥ ይዞ ሲቆይ በዓይኗ ማየቷን፣ ከድንጋጤዋ ብዛት ቅርጫቱ ከእጇ ወድቆ እንቁላሉ መንገዱ ላይ መሰባበሩን ተናገረች። ስሜ ካልተነሣ ብላ ነው የተናገረችው። ሉቃስ አይነሣም ብሎ ማለላት። ነገሩ እንደ ገና ይታይ ብሎ ማኅበሩ የሚያመለክተው በእሷ ቃል ብቻ ነው፤ ሌላ ያየ ሰው የለም። የእንቁላሉን ነገር ሪፖርቱ ውስጥ ያስገባው ሉቃስ ራሱ ነበር። እንዲህ ያለ ዝርዝር ቃሉን ያጠነክረዋል ብሎ።

መልእክቱን ከግሩፑ አጠፋው። ፀጋነሽ አለቀ እንደ ሆነ ጠየቀችው። ከግሩፑ ጠፍቷል፣ ስልኩ ላይ ያወረደው ሰው ግን ከእሱ ጋር ይቀራል አላት። ያንን ከዚህ ሆኖ ማጥፋት ይቻል እንደ ሆነ ጠየቀችው። አይቻልም አላት። ሌላ መንገድ ይኖር እንደሁ ደጋግማ ጠየቀች፣ እሱም ደጋግሞ አይቻልም አለ። በኋላ መጠየቁን ትታ መስኮቱ ጋ ሄደች።

ጀርባዋን በሰጠችበት ጊዜ ሉቃስ ሌላ ጥፋት ጨመረ። እጁ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ሁለቱን ቃላት አርሞ አዲሱን ሪፖርት ላከ፣ ከሥሩም «የቀድሞው ስህተት ስላለበት እባካችሁ አጥፉት» ብሎ ጻፈ። ብዙ ሳይቆይ ያው ቀልደኛ መለሰ፦ «ስህተቱ ላሉ ነው ጣጣሹ?» ሳያነቡት ሊያልፉት የነበሩ ሰዎች አሁን የቀድሞውን ካወረዱት እየለመኑ ያነጻጽሩ ጀመር። አንዱ እስካሁን አልደረሰኝም፣ ያለው ይላክልኝ ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ላከለት።

ፀጋነሽ ስልኩን አይታ ሉቃስን አልተቆጣችውም። ይህ ከቁጣዋ የባሰ ሆነበት። ባሕር ዳር ሴቶችን በሚያስጠልል ቤት ለምታውቀው ሰው ለመደወል ስትወጣ «ሂድ» አለችው ብቻ። «የምታጠፋው ነገር ካለ ሂድና አጥፋ።»

ሚኒባሱ ዳንግላ እስኪደርስ ሉቃስ ይኸነውን የሚያነጋግርበትን ቃል ሲያዘጋጅ ሄደ። ሰውየው ምናልባት መልእክቱን አይቶ ፋይሉን አልከፈተውም። ምናልባት ከፍቶ እስከዚያ ገጽ አልደረሰም። በዚህ ዕድሜው በስልክ ሪፖርት ማን ያነባል? ይህን ሐሳብ እንደ ምርኩዝ ይዞት ወረደ።

ይኸነውን ያገኘው ከመናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ፀጉሩ የሸበተ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለት፣ የእንጅባራን ሰዎች ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቀው፣ ሻይ አዘዘለት። ሉቃስ ሻዩ እስኪመጣ አልታገሠም።

«ጋሽ ይኸነው፣ ትናንት የላክነው ፋይል ስህተት አለበት። ከስልክዎ ላይ ላጥፋልዎ ብየ ነው።»

«ለዚች ብለህ ነው ከእንጅባራ የመጣኸው?»

«ሌላም ጉዳይ ነበረኝ።»

«አጥፋው እንጅ» አለ ይኸነው ስልኩን እየሰጠው። «ቦታ ይዞብኛል።»

ሉቃስ ከወረዱት መካከል ፈልጎ አገኘው፣ አጠፋው። የተጣለው የሚጠራቀምበትን ከፍቶ ከዚያም አጠፋው። ወደ ሌላ ሰው የተላከ እንዳለ አየ፤ አላገኘም። ሲጨርስ ስልኩን በሁለት እጁ መለሰለት።

«ጠፋ?» አለ ይኸነው።

«ጠፋ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ ጠፍቷል፣ ጋሽየ።»

ይኸነው ሻዩን ፉት አለ። ፊቱ ላይ ቁጣም ዛቻም አልነበረም።

«ወደ እኛ ቀበሌ የምትሻገር ከሆነ እግረ መንገድህን እንቁላል ግዛ» አለው። «ወንዙ ዳር ካለችው ሴትዮ ግዛ። ጥሩ ነው የእሷ።»

የሁለቱንም ሻይ ከፈለ። ሉቃስም እኔ ልክፈል ብሎ አልታገለውም።

ሉቃስ ጋሪ ይዞ ወንዙ ዳር እስካለው ባሕር ዛፍ ድረስ ሄደ፣ ከዚያ በእግሩ ወንዙን ተሻገረ። ውኃው አሁን ቀንሶ ድንጋዮቹ ብቅ ብቅ ብለዋል። እንቁን ጓሮዋ ውስጥ ከዶሮዎቿ ጋር አገኛት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አጥሩ ጋ ሲቆም አይታው ፈገግ አለች፣ ፊቱን በደንብ ስታየው ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

ሁሉንም ነገራት። ኮምፒውተሩ ያደረገውን ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደበት፤ በአውኝኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው። እንቁ ዶሮዎቹን ትታ አዳመጠች። በመጨረሻ ቃሉን ለራሷ ቆርጣ አለችው።

«እንቁ… ላል።» ከንፈሯ ላይ ሣቅ የሚመስል ነገር አለፈ። «ልጅ ሆኘ እንዲህ እያሉ ነበር የሚያበሽቁኝ። እንቁላል፣ እንዳትሰበሪ ይሉኛል። ያልፋል ብየ ነበር።»

ሉቃስ ይቅርታ ሊላት ጀመረ። በእጇ አስቆመችው።

«ይኸነው አወቀ?»

«አወቀ።»

«እንግዲያ አየነው አወቀ።» ዝቅ ብላ አንዷን ዶሮ ከእግሯ ሥር ገፋ አደረገች። «ከስልኩ አጠፋህበት?»

«አጠፋሁ።»

ሉቃስ የባሕር ዳሩን ቤት፣ ፀጋነሽ የምታደርገውን፣ ቶሎ መሄድ እንዳለባት አከታትሎ ነገራት። እሷ ስለ ራሷ አልጠየቀችም። እሷ ከሄደች የማናለብሽ ነገር ምን እንደሚሆን ጠየቀችው። ቃሏን በአካል ካላጸናች ነገሩ እንደ ተዘጋ እንደሚቀር ሳይወድ ነገራት። እንቁ ወደ ወንዙ ተመለከተች።

«ስሜን መልሰው» አለች እንቁ።

«ምን አልሽ፣ እትየ?»

«ወረቀቱ ላይ። ምስክር የሚለውን ተወውና ስሜን መልሰው። እነሱ ካወቁት ከማን ነው የምትደብቀው? ሌላው ሰው ብቻ ነው የማያውቀው። ብሞት ደግሞ ማን ሞተች እንደሚሉ ይወቁ።»

ሉቃስ እንደዚያ አይሆንም ቢላት ሌላ የሚሰጣት ነገር የለውም፤ እሽ ቢላት ደግሞ ይህን ሁሉ ያደረሰው እጅ እንደ ገና ስሟን ሊነካ ነው። አንገቱን ደፋ።

በመጨረሻ ወደ ባሕር ዳር ለመሄድ ተስማማች፤ በማግሥቱ ገበያ ነበር። በሌላ ቀን ጓዝ ይዛ ብትወጣ መንደሩ ሁሉ ወዴት ነው ይላል፤ ዶሮዎቿን ለጎረቤት ብታደራ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ እንቁ እንደ ሁልጊዜው ለዶሮዎቹ ጥሬ በተነች፣ በሯን እንደ ሁልጊዜው በገመድ አሰረች፣ እንቁላሉን በጭድ ደርድራ ቅርጫቱን ተሸከመች። ከጭዱ በታች አንድ ቀሚስና የባሏ ፎቶግራፍ ነበሩ። በሰው የተሞላ ጋሪ ላይ ወጣች። መንገዱን ሁሉ ሴቶቹ ስለ በርበሬ ዋጋ ሲያወሩ እሷም አወራች።

ሉቃስ ሌሊቱን ዳንግላ አድሮ ከገበያው ዳር ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ሰላም እንዳይላት ተስማምተዋል። እንቁ ሁልጊዜ በምትቀመጥበት ከእንቁላል ሻጯ ከበቀለች አጠገብ ቅርጫቷን አስቀመጠች። ቀሚሱንና ፎቶግራፉን መቼ እንዳወጣቻቸው፣ ከነጠላዋ ሥር እንዴት እንደ ደበቀቻቸው ሉቃስም አላየ።

«መጣሁ፣ ጠብቂልኝ» አለቻት።

«እሽ» አለች በቀለች። አንድ እንቁላል ወደ ፀሐዩ አንሥታ ለገዥ እያሳየች ስለ ነበር ዞር አላለችም።

እንቁ በሰዉ መካከል ወደ መናኸሪያው ሄደች። ረዳቱ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ይላል፤ አንድ ሰው ጎድሎት ነበር።

ሉቃስ ሊከተላት ሲል ይኸነውን አየው። ብቻውን ነበር። ቀስ ብሎ የእንቁላል ሴቶቹን ተራ እያየ መጣና ከበቀለች ፊት ቆመ፣ ባለቤት የሌለውን ቅርጫት አየ፣ ቁጢጥ አለ። አንድ እንቁላል ከጭዱ አውጥቶ ጆሮው ላይ ነቅነቅ አደረገ።

«የማን ነው?» አለ።

«የእንቁ ነው። ዋጋውን እሷ ናት የምታውቀው» አለች በቀለች። «አሁን ትመጣለች።»

«እጠብቃታለሁ» አለ ይኸነው። እንቁላሉን ወደ ቦታው መለሰና ገለል ያለ ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ።

የባሕር ዳሩ ሚኒባስ ከጀርባው ጡሩምባውን እየነፋ፣ በጋሪዎቹ መካከል መንገድ እየለመነ አለፈ። በቀለች ሌላ እንቁላል ወደ ፀሐዩ አነሣች።