ደወል ሲጮህ ወገን ይቀየራል

ተማሪዎቿ «በሌላ በኩል» ነው የሚሏት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ይህን ቅጽል የሰማችው ካወጡላት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ስትሰማ አልተቆጣችም። «ቆንጆ ስም ነው» አለች፤ ትንሽ ቆየችና ደግሞ «በሌላ በኩል፣ ለመምህርት አይሆንም» አለች። ስሙም በዚያው ጸደቀባት።

ሥራዋ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ክርክር ማስተማር ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ከቤተ ሙከራው ጎን ባለችው ጠባብ ክፍል ሰብስባቸው አቋም ይዞ መናገርን፣ ሰው ማሳመንን ታሳያቸዋለች። የክበቡ ሕግ አጭር ነው። አንድ ተማሪ ተነስቶ ሦስት ደቂቃ ይናገራል፤ በእነዚያ ሦስት ደቂቃዎች ጣራው ቢወርድ እንኳ ማንም አያቋርጠውም። ደቂቃው ሲሞላ ጠረጴዛዋ ላይ ያለችውን የናስ ቃጭል ታንቃጭላለች። ያን ጊዜ ተናጋሪው አፉ ውስጥ ያለውን ቃል እንኳ ሳይጨርስ «በሌላ በኩል» ብሎ የገዛ ሐሳቡን ማፍረስ አለበት። ደወል ሰምቶ ወገን ያልቀየረ፣ የቱንም ያህል አንደበተ ርቱዕ ቢሆን፣ ዜሮ ነው። «ቤቱን ራሱ አፍርሶ ያላየ ሰው የቱ ግድግዳ እንደሚያዘም አያውቅም» ትላቸዋለች።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ስታስተምር ነገሩ ከደሟ ገባ። የባሰው ደግሞ ባሏ ሰዓት ጠጋኝ መሆኑ ነው። ቤታቸው ግድግዳና መደርደሪያ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ባለ ደወል ሰዓቶች አሉ፤ አንዱ ከሌላው አይስማማም። ባልየው ምሳ አሳልፎ ሲመጣ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰዓት እየጠገንክ ሰዓት የማታውቅ ምን ዓይነት ጉድ ነህ?» ብላ ትጀምራለች። ከመደርደሪያው አንዱ ቂል ቂል ይላል። «በሌላ በኩል» ትላለች ወዲያው፣ «ሥራውን የሚወድ ሰው ይቆያል፤ ደግሞስ ምሳ ማሞቅ ምን ያህል ሥራ ነው?» በዚያ ቤት አንድም ጠብ ተጀምሮ አልቆ አያውቅም። ጎረቤቱ በትዳራቸው ይቀናል።

ርዕሰ መምህሩን ክፉ ሰው ማለት ኃጢአት ነው። ችግሩ ንብረት መጣል አለመቻሉ ነው። አንድ እግሩ የጎደለ፣ መደገፊያው የተገነጠለ፣ መቀመጫው ተነቅሎ ብረቱ ብቻ የቀረ ሁለት መቶ አርባ ወንበር ከቢሮው ጀርባ ግድግዳውን አስደግፎ እስከ ጣራ ከምሯል። ክረምት ሊገባ ሲል ለወንበሮቹ መጠለያ መፈለግ ጀመረ፤ ዓይኑም የክርክር ክፍሏ ላይ አረፈ።

«ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም» አላት ኮሪደር ላይ አስቁሞ። «ወንበር ግን ይጫናል፤ የሚጫን ነገር ደግሞ የሚራገፍበት ቦታ ይፈልጋል። እናንተ ዛፍ ሥርም ብትሆኑ ታወራላችሁ።»

«ዛፍ ሥር ሁሉም ሰው ያቋርጣቸዋል።»

«ታዲያ መቋረጥም ይልመዱ። ለማንኛውም ቅዳሜ ጠዋት የወላጅ ኮሚቴው ይወስን።»

መምህርት በሌላ በኩል ያን ቀን ራት አልበላ አላት። ክፍሏን ትወዳታለች፤ ከክፍሏ በላይ ደግሞ ያሳሰበቻት አንዲት ልጅ ናት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ድምጿን ለመስማት ጆሮን አፏ ላይ መለጠፍ ስለሚያስፈልግ «ሹክሹክታ» ይሏታል። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ብረት ነጋዴው፣ አባቷ ነው። ሰውዬው ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቆረጥና ሲወረወር በሚውልበት መጋዘን ስለሚሠራ «እንደምን አደራችሁ» ሲል እንኳ ሰው ይደነግጣል። አምስቱ ወንድሞቿም እዚያው ይሠራሉ። ልጅቷ ክበቡን የተቀላቀለች ቀን ሦስት ደቂቃዋን ሙሉ ዝም ብላ ቆማ ጨረሰች፤ ማንም አላቋረጣትም። በሦስተኛው ሳምንት ስሟን ተናገረች። በሁለተኛው ዓመት አንድ ደቂቃ ተኩል ደረሰች። ክፍሏ ከተወሰደች ይህች ልጅ ተመልሳ አፏን እንደምትዘጋ መምህርቷ እርግጠኛ ነበረች።

ቅዳሜ ጠዋት በመሰብሰቢያው አዳራሽ አምስቱ የኮሚቴ አባላት ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በመሀል ብረት ነጋዴው፣ በቀኙ አንዲት ነርስ፣ በግራው አንድ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዳርና ዳር ላይ ሁለት እናቶች። ላይብረሪያኗ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ እስክሪብቶዋን አዘጋጅታ ቀረበች። ክበቡ በሙሉ ኋላ ወንበር ላይ ተደርድሯል። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ቃል ተናግሮ ተቀመጠ፤ ወንበር ስለራሱ ይናገራል ባይ ነው።

በሌላ በኩል ተነሳች። ቀን ከሌት የተዘጋጀችበት ንግግር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ከባሏ ሰዓቶች ሸሽታ መታጠቢያ ቤት ተለማምዳዋለች።

«ልጆቻችሁ ነገ አሠሪ ፊት ይቆማሉ» አለች፣ «ዳኛ ፊት ይቆማሉ፣ አማት ፊት ይቆማሉ። ያን ጊዜ አፍ የሚያበድራቸው የለም። እኛ ያለን አንዲት ክፍል ናት። እዚያች ክፍል ውስጥ ልጅ ሲናገር ትልቅ ሰው ያዳምጣል። ሌላ የት ነው እንዲህ ያለ ነገር ያያችሁት?»

ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ። ነርሷ ዓይኗን ጠራረገች። ብረት ነጋዴው «እውነት ነው!» ሲል የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ርዕሰ መምህሩ ክራቫቱን ፈታ አደረገ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የቀራት።

ደወሉ ጮኸ።

ባለፈው ሰኞ የተገጠመው አዲሱ የኤሌክትሪክ ደወል ነው። ራሱን በራሱ ይደውላል፤ ቅዳሜ የሚባል ቀን መኖሩን ግን የነገረው የለም። መምህርቷ እንደቆመች አንዴ ዓይኗን ጨፈነች። ኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች የሚመጣውን አውቀው ራሳቸውን ያዙ።

«በሌላ በኩል» አለች፣ «ልጅ አፍ አለው፣ የትም ሄዶ ይናገራል። ወንበር ምን አለው? ዕድሜ ልኩን ሰው ተሸክሞ፣ አንድ ቀን ደከመኝ ሳይል፣ እግሩ ሲሰበር ውጭ ይጣላል። ዝናብ ይመታዋል፣ ወፍ ይጸዳዳበታል። ከእናንተ መሀል እግሬ ቢሰበር ደጅ አሳድሩኝ የሚል አለ?»

የሷ ችሎታ ጥፋቷ ሆነ። የወንበሮቹ ነገር የሰውን አንጀት በላ። ነርሷ አሁን የምሯን አለቀሰች፤ «ውይ፣ ስንቱን ተሸክመው!» አለች። ርዕሰ መምህሩ ራሱ ስለ ወንበር እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅምና አፉን ከፍቶ ቀረ። ብረት ነጋዴው ጊዜ አላባከነም፣ «ክፍሉ ለወንበሮቹ ይሁን የምትሉ!» ሲል አምስት እጅ ወጣ። ላይብረሪያኗ «ተወስኗል» ብላ ጻፈች። መምህርቷ ያን ጊዜ ነው የነቃችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ምን ይዋጣት?

ደወሉ ግን እንደገና ጮኸ።

«በሌላ በኩል!» አለች ከደስታዋ ብዛት እየጮኸች፣ «ወንበር ይጠገናል፤ አፉን የዘጋ ልጅ ግን ማን ይጠግነዋል?» አምስቱ እጆች ወረዱ። ላይብረሪያኗ ሰረዘች። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ደወሉ ደገመ። «በሌላ በኩል» አለች፤ እጆቹ ወጡ። ደወል። እጆቹ ወረዱ። ጉድ ፈላ! ደወሉ ተበላሽቷል፤ በየሃያ ሴኮንዱ ይጮሃል፣ እሷም በየሃያ ሴኮንዱ ትዞራለች፤ በዞረች ቁጥር ደግሞ ታሳምናለች። ሾፌሩ እጁን ማውጣትና ማውረድ ሲሰለቸው ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ መዳፉን ብቻ ያዘነብልና ያቀና ጀመር። ላይብረሪያኗ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ተወስኗል» የሚለውን ቃል መጻፍ ትታ ጭረት ብቻ ታሰምራለች።

«ማጥፊያው የት ነው?» አለ ብረት ነጋዴው፤ የሱ ድምፅ ብቻ ነበር ከደወሉ በላይ የሚሰማው።

«ከወንበሮቹ ጀርባ» አለ ርዕሰ መምህሩ አንገቱን ደፍቶ። «ግድግዳው ላይ ነው።» ከዚያ ዘበኛውን ጠርቶ ሁለት መቶ አርባ ወንበር ሊያነሳ ወጣ።

ላብ መምህርቷን አጥምቋታል። ድምጿ ሻክሯል። መቀመጥ ፈለገች፣ ግን ደወሉ አያስቀምጣትም። እንዲህ ሆና ሳለ ከኋላ ሹክሹክታ ተነስታ ወደ ፊት መጣችና አጠገቧ ቆመች። መምህርቷ ተራ የሚጠይቅ ተማሪ ስታይ ዝም ትላለች፤ ይህም ልማዷ ነው። ዝም አለች።

«እኔ» አለች ልጅቷ። ማንም አልሰማም። ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ ቤታችን ውስጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ አላውቅም።»

«አንቺ ልጅ፣ አሁን…» ብሎ አባቷ ተነሳ።

«ሦስት ደቂቃዋ አላለቀም!» አለች መምህርቷ። ብረት ነጋዴው በሕይወቱ የጮኸበት ሰው አልነበረምና ቁጭ አለ።

«አባዬ ይናገራል፣ ወንድሞቼ ይናገራሉ» ቀጠለች ልጅቷ። «እኔ ውሃ አቀብሉኝ ልል ስጀምር አንዱ የበር ቁልፍ ያቀብለኛል፤ ሳልጨርስ ይገምታሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፣ ይቸኩላሉ። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሦስት ደቂቃ አለኝ። በሳምንት ሦስት ደቂቃ የኔ ብቻ ነው፤ ሌላ የኔ የምለው ነገር…»

ደወሉ ጮኸ። ልጅቷ ቆመች። ነገሩን የለመዱት የኮሚቴው አባላት እጃቸውን ለመቀየር ተዘጋጁ። መምህርቷም ከጎኗ ሆና፣ እያወቀች አይደለም፣ «በሌላ በኩል በይ» ብላ በከንፈሯ ነገረቻት።

«ሌላ በኩል የለኝም» አለች ልጅቷ። «ሌላ የኔ የምለው ነገር የለኝም ነው ያልኩት። አልጨረስኩም ነበር።»

እንደገና ጮኸ፤ እሷ ግን ድምጿን ከፍ አድርጋ ቀጠለች። ደወሉ በጮኸ ቁጥር ድምጿ ከደወሉ በላይ ለመውጣት ከፍ ይላል፤ በአራተኛው የአባቷ ልጅ መሆኗ ታወቀ፣ የመስኮቱ መስታወት እንደገና ተንቀጠቀጠ። ወንበሮቹን አልሰደበችም፣ ርዕሰ መምህሩን አልከሰሰችም፤ ያችን ክፍል አትውሰዱብኝ፣ ያቺን ብቻ አለች። ከዚያ ደወሉ መሀል ላይ ተቆረጠ። አዳራሹ ጭር ሲል እሷ አሁንም እየጮኸች ነበር፤ አፍራ ዝም አለች።

ብረት ነጋዴው ልጁን እንደ እንግዳ ሰው አያት። ከዚያ፣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ይመስክር፣ በለሆሳስ ተናገረ። «ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ፣ አባዬ።»

«እንግዲህ ክፍሉ ለልጆቹ ይሁን የምትሉ» አለ። አምስት እጅ ወጣ፤ በዚያው ጸና። ርዕሰ መምህሩ አቧራ ለብሶ፣ የወንበር እግር እንደያዘ ሲገባ ላይብረሪያኗ አራተኛው ገጽ ላይ ማኅተም እያሳረፈች ነበር። «የብረት ጉዳይ የኔ ነው፤ ወንበሮቹን ወደ እኔ ላክ፣ ይበየዳሉ» አለው ብረት ነጋዴው፣ ወደ ቀድሞ ድምፁ ተመልሶ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ክፍሏ ጢም ብላ ሞላች። በሌላ በኩል ሰሌዳው ላይ የሹክሹክታን ስም፣ ከጎኑም የቅዳሜ ንግግሯን ውጤት ጻፈች። ማስረጃ፣ ዘጠኝ። ድምፅ፣ አሥር። አድማጭን መያዝ፣ አሥር። ከዚያ ጠቅላላ ድምር ብላ አንድ ትልቅ ዜሮ አኖረች።

«ቲቸር፣ ልክ አይደለም!» አለች ሹክሹክታ። ኮሪደር ላይ ያለፈ ሰው ዞሮ አየ። «ክፍሉ የተረፈው በኔ ነው!»

«በአንቺ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እግዜር ይስጥሽ፤ ቅዳሜ ቤት ስገባ ባሌን አቅፌ አለቀስኩ» አለች መምህርቷ። «ግን ደወል እየሰማሽ ወገን አልቀየርሽም። ሕጉ ለሰው ፊት አያይም። ይህን ዜሮ ከሰጠሁሽ ነው ነገ ለሌላው የምሰጠው ነጥብ ነጥብ የሚሆነው፤ አንቺም ብትሆኚ በልምምጥ ያገኘሽው…»

ተስተካክሎ የተገጠመው ደወል የክፍለ ጊዜውን ማብቂያ ደወለ። ሠላሳ አፍ ያለ ድምፅ «በሌላ በኩል» አለ። ሹክሹክታ ፈገግ ብላ ዜሮው እስኪጠፋላት ጠበቀች።

መምህርቷ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሷል። ምራቋን ዋጥ አድርጋ መለሰችው፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች።

«ዜሮ ነው» አለች።

ዞር ብላ ጠመኔውን አነሳች፤ ከልጅቷ ስም ሥር የራሷን ስም ጻፈችና ከጎኑ ዜሮ አደረገች።